ያልታየ እግር፦ ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ለምን አልድን ይላል?

አጎቴ ከቀብር ሲመለስ የቀኝ ካልሲው ረጥቦ ነበር። ዝናብ መስሎት አውልቆ ወንበር ላይ ሰጣው። በማግስቱ ልታጥበው ያነሳችው ልጁ ናት ውሃ ሳይሆን ደም መሆኑን ያየችው። ጫማውን ገልብጠን ስናየው ሶሉን ባስጠገነ ጊዜ የተመታው ምስማር ጫፉ ወደ ውስጥ ብቅ ብሏል። ቀኑን ሙሉ በዚያ ምስማር ላይ ቆሟል፣ አስከሬን አጅቦ ሄዷል፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ተነስቷል።

«አባዬ፣ አላመመህም?» አለችው።

«ምን ያመኛል? ጭረት ናት» አላት።

ያቺ ጭረት በሁለት ወሯ ሁለት ጣቱን አስቆረጠችው።

አጎቴ ሕክምና አልቀረበትም። ደሙን ባየን ቀን ሰፈር ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድነው። ቁስሉ ታጠበለት፣ በፋሻ ተጠቀለለ፣ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ታዘዘለት፣ በየሁለት ቀኑ እየመጣ እንዲያስለውጥ ተነገረው። እሱም የታዘዘውን የሚያከብር ሰው ነውና በየሁለት ቀኑ በእግሩ እየሄደ አስለወጠ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ በእግሩ እየሄደ። ማንም «በዚህ እግር አትርገጥ» አላለውም። የእግሩን የደም ሥር ምት የዳሰሰ የለም። «እስቲ ሌላኛውንም ጫማ አውልቅ» ያለውም የለም። እኛ ቤተሰቦቹም አልጠየቅንም፤ ቁስል ማለት መድኃኒት ተቀብቶ የሚሸፈን ነገር ብቻ ይመስለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ፣ ብዙ ጠየቅኩ። ስኳር ያለበት ሰው የእግር ቁስል አልድን ሲል ሁላችንም የምንፈልገው የተሻለ ቅባት ነው። ቁስሉን የሚያቆየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ወይ እየተረገጠ ነው፣ ወይ ደም አይደርሰውም፣ ወይ ኢንፌክሽኑ ከሚታየው በላይ ጠልቋል። ብዙዎች ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱም አብረው አሉ። እነዚህን ሳያዩ መጠቅለል ቁስሉን መደበቅ ነው።

ነገሩ ትንሽ አይደለም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ስኳር ያለባቸውን አዋቂዎች 589 ሚሊዮን ገምቷቸዋል። ስኳር ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል ከ19 እስከ 34 የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ እግራቸው ይቆስላል። በስኳር ምክንያት ከሚቆረጡ አምስት እግሮች በአራቱ ነገሩ የተጀመረው በቁስል ነው። ይህን ቁጥር ሳየው ተስፋም ይሰጠኛል፤ ከመቆረጡ በፊት ቁስል ነበረ ማለት፣ ጊዜ ነበረ ማለት ነውና።

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል። ከረጃጅሞቹ ነርቮች ስለሚጀምር መጀመሪያ የሚደነዝዙት የእግር ጣቶች ናቸው፤ ከዚያ ካልሲ እንደሚጠለቅ ወደ ላይ ይወጣል። አንዳንዱን ያቃጥለዋል፣ መርፌ ይወጋዋል፣ ሌሊት የብርድ ልብሱን ክብደት እንኳ እግሩ አይችልም። ሌላው ግን ምንም አይሰማውም። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። ጤነኛ ሰው ጫማ ሲጠብበት ያነክሳል፣ ያወልቃል፣ እግሩን ያሳርፋል፤ ሳያስበው እግሩን እያዳነ ነው። ስሜቱ የጠፋበት ሰው አያነክስም።

ጉዳቱ ስሜት በማጥፋት ብቻ አያበቃም። ትንንሾቹ የእግር ጡንቻዎች ሲደክሙ ጣቶች ይቆለመማሉ፣ የሰውነት ክብደትም ከጣቶቹ ሥር ባሉት አጥንቶች ላይ ይከማቻል። ላብ የሚያመነጩት ነርቮች ሲጎዱ ቆዳው ይደርቃል፣ ተረከዝ ይሰነጠቃል። ክብደት በበዛበት ቦታ ላይ መጅ ይወጣል። ያ መጅ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሥሩ ያለውን ሥጋ ይጫነዋል። ከላይ ስታዩት ደረቅ ቆዳ ነው፤ ከሥር ግን ደም ይቋጥርና ይቆስላል። የሠለጠነ ባለሙያ መጁን ሲያነሳ ቁስሉ ያኔ ነው የሚገኘው።

ይህን ሁሉ ዓለም የተማረው በመጀመሪያ ከስኳር አይደለም፤ ከሥጋ ደዌ ነው። በድሮ ጊዜ የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ጣቱ በራሱ ረግፎ የሚወድቅ ይመስል ነበር። ፖል ብራንድ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከ1940ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ ሕንድ ቬሎር ሲሠራ ያየው ግን ሌላ ነው። በሽታው ነርቭ ያጠፋል፤ ሰውየው ሕመም አይሰማውምና በቆሰለ እግሩ ይረግጣል፣ የጋለ ነገር ይጨብጣል፣ ሥጋውም ከዚያ የተነሳ ያልቃል። ቁስለኛውን እግር እስከ ጉልበት በጀሶ ጠቅልሎ ክብደቱን በመላው እግር ላይ ማከፋፈል የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ይሠሩበት የነበረ ዘዴ ነው። ብራንድ በኋላ አሜሪካ ሉዊዚያና ካርቪል ሲሄድ ይዞት ሄደ፣ ከዚያም ወደ ስኳር ሕክምና ገባ። ዛሬ በዓለም ትልልቅ የስኳር እግር ክሊኒኮች ከሚታመኑት ሕክምናዎች አንዱ ይኸው ጀሶ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ሆኖ ነው። ስሜት ለጠፋው እግር ጫማ መሥራት፣ ቁስሉን ማሳረፍ፣ ታማሚው በየቀኑ እግሩን እንዲያይ ማስተማር እዚያ ግቢ ውስጥ ስንት ዓመት የኖረ ሥራ ነው። ስለዚህ «ይህ የውጭ አገር ሕክምና ነው፣ እኛ ዘንድ የለም» ሲባል ልቤ አይቀበለውም። ዕውቀቱ እዚሁ ከተማ ውስጥ ኖሯል። የቀረው ከሥጋ ደዌው ክፍል ወጥቶ ወደ ስኳር ቀጠሮው ክፍል መግባቱ ነው።

እሺ፣ ቁስል ያለበት እግር እንዴት ይታያል? ሁለቱም ጫማዎች ሁለቱም ካልሲዎች ይወልቃሉ። ይህን ብዙ ቦታ ሲዘለል አይቻለሁ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ነርሷ አንድ ናት፣ ታማሚው ሽማግሌ ነው፣ የጫማ ገመድ መፍታት ጊዜ ይወስዳል። ገብቶኛል። ግን የስኳር ቀጠሮ ላይ ደም ተለክቶ፣ መድኃኒት ተጽፎ፣ እግር ሳይታይ ካለቀ ቀጠሮው ጎዶሎ ነው። ጣት በጣት መሐል፣ ተረከዝ፣ ውስጥ እግር፣ የጥፍር ዳር ሁሉ ይታያል።

ከዚያ ስሜቱ ይፈተሻል። ሐኪም ዘንድ ሞኖፊላመንት የሚባል ቀጭን የናይሎን ዘንግ አለ፤ ቆዳ ላይ ተጭኖ ሲጎብጥ የ10 ግራም ጫና ይሰጣል፣ ያን ያልተሰማው እግር ተከላካዩን አጥቷል። እሱ ከሌለ እንግሊዝ ኢፕስዊች ውስጥ የተጀመረ ቀላል መንገድ አለ፣ ቤት ውስጥም ይሠራል። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል። እናንተ በጣታችሁ ጫፍ፣ ሳትጫኑ፣ ለአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ያህል የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መሐል ጣትና ትንሿን ጣት ተራ በተራ ትነካላችሁ። ሲሰማው ይናገራል። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ስሜቱ ቀንሷል። የአጎቴ ልጅ መጀመሪያ ስትሞክረው ሦስት ጣት ነክታ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ዓይኑን እንደጨፈነ «ጀምሪ እንጂ» አላት። ያን ቀን ነው ሁላችንም የገባን።

ቀጥሎ ደም። የእግር ላይኛው ገጽ ላይ እና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ የደም ሥር ምት በጣት ይዳሰሳል። ምቱ ከጠፋ ወይም እግሩ ከቀዘቀዘ የክንድና የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ይነጻጸራል። የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል ከ0.9 በታች ከመጣ የደም ሥሩ ጠቧል። ስኳር ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የደም ሥሮቹ ግድግዳ ካልሲየም ይዞ ስለሚደድር ቁጥሩ ሐሰተኛ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው የእግር ጣት ግፊት ወይም የደሙን ፍሰት በድምፅ ሞገድ የሚያየው የዶፕለር ምርመራ የሚታዘዘው። ደም የማይደርሰውን ቁስል በየቀኑ ብታጥቡት ውሃ እንዳጣ ችግኝ ነው፤ መጀመሪያ ቦዩ መከፈት አለበት። በአገራችን የደም ሥር የሚከፍቱ ባለሙያዎች ያሉት በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ስለሆነ ሪፈር መዘግየት የለበትም። ጣቱ ጠቁሮ ከሄደና ቀደም ብሎ ከሄደ ዕድሉ አንድ አይደለም።

ኢንፌክሽኑስ? እብጠት፣ በቁስሉ ዙሪያ ቅላት፣ ሙቀት፣ ሕመም፣ መግል። ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ካሉ ቁስሉ ተመርዟል ይባላል። ቅላቱ ከቁስሉ ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከተስፋፋ፣ ወይም ወደ ጅማትና አጥንት ከጠለቀ ነገሩ ከፍ ብሏል። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ትንፋሽ መፍጠን ከተጨመረበት ሆስፒታል መተኛት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሕመምና ትኩሳት ሲጠብቅ ነው። ነርቩ የሞተ እግር ላያምም ይችላል፣ ትኩሳትም ላይኖር ይችላል። አንዳንዴ የመጀመሪያው ምልክት ያለ ምክንያት የወጣ የደም ስኳር ነው፤ አጎቴ ላይ እንዲያ ነበር፣ ስኳሩ አልወርድ ብሎ ለቀናት መድኃኒቱን ስንጠራጠር ሽታው መጣ።

አጥንት መነካቱን ለማወቅ ሐኪሙ ንጹሕ ደንዳና ዘንግ ቁስሉ ውስጥ ቀስ አድርጎ ያስገባል። ጠንካራ ነገር ከነካ ጥርጣሬው ይጨምራል። ራጅ ይነሳል፤ ግን የአጥንት ኢንፌክሽን ራጅ ላይ ለመታየት ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ራጅ ብቻውን አያስተማምንም።

ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች በጣም የምወድላቸው «ሲንባድ» የሚባለውን የነጥብ አሰጣጥ ነው፤ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ቁስሉ መሐል ወይም ኋላ እግር ላይ ከሆነ አንድ፣ የደም ዝውውሩ ቀንሶ ከሆነ አንድ፣ ስሜት ከጠፋ አንድ፣ ኢንፌክሽን ካለ አንድ፣ ስፋቱ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ፣ ጡንቻ ወይም ጅማት ድረስ ከጠለቀ አንድ። ከስድስት ሦስትና ከዚያ በላይ ያገኘ ቁስል ከባድ ነው። ሪፈር ወረቀት ላይ «የእግር ቁስል» ተብሎ ከሚጻፍ ይህ ነጥብ ቢጻፍ ተቀባዩ ሐኪም ታማሚውን ሳያየው ማንን ማስቀደም እንዳለበት ያውቃል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ እኔ መጀመሪያ የማስቀምጠው ማሳረፍን ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር እግር የሥራ ቡድን በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለውስጥ እግር ቁስል የመጀመሪያ ምርጫ ያደረገው እስከ ጉልበት የሚደርስና ታማሚው ራሱ የማያወልቀው መደገፊያ ነው፤ ጀሶው ወይም እሱን የሚተካ ቡት። «የማያወልቀው» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የሚወልቅ መደገፊያ የተሰጣቸው ታማሚዎች ምን ያህል እንደሚጠቀሙበት በድብቅ ቆጣሪ ሲለካ፣ ከዕለት እርምጃቸው በ28 በመቶው ብቻ አድርገውት ተገኙ። ቤት ውስጥ ያወልቁታል። ሰነፍ ሆነው አይደለም፤ አያማቸውም፣ ስለዚህ አያስታውሳቸውም። ጀሶው በትክክል ሲሠራ ብዙ ቁስል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይዘጋል። ደሙ የቀነሰና ኢንፌክሽን ያለበት እግር ግን ዝም ብሎ በጀሶ አይታሸግም፣ በየጊዜው መታየት አለበት።

ይህ በማይገኝበት ቦታስ? የሚወልቅ ቡት፣ እሱም ካልተገኘ በቁስሉ ዙሪያ ተቆርጦ የሚለጠፍ ወፍራም ፌልትና በልክ የሆነ ሰፊ ጫማ፣ ክራንች፣ ወንበር። እርምጃ መቀነስ ራሱ ሕክምና ነው። አውቃለሁ፣ የቀን ሥራ ለሚሠራ ሰው፣ ጉልት ለምትቸረችር እናት «ስድስት ሳምንት አትራመጂ» ማለት «አትብዪ» ከማለት አይለይም። ለዚህ ነው ይህ የቤተሰብም የዕድርም ጉዳይ የሚሆነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ጎረቤት፣ ሰው እግሩን እንዲያሳርፍ ለስድስት ሳምንት ውሃ ሊቀዳለት ይችላል።

ሁለተኛው የሞተውን ሥጋና መጁን ቆርጦ ማንሳት ነው፤ በባለሙያ፣ በንጹሕ መሣሪያ፣ ደጋግሞ። ቤት ውስጥ በምላጭ አይነካም።

አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ኢንፌክሽን ላለበት ቁስል ብቻ ነው። ንጹሕ ቁስልን ቶሎ አያድነውም፣ ባክቴሪያውን ግን መድኃኒቱን ያላምደዋል። ለሥጋ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃል። አጥንት ከተነካና ካልተቆረጠ ወደ 6 ሳምንት ይሄዳል። ናሙና ሲወሰድም ከላይ በጥጥ ተጠርጎ ሳይሆን ቁስሉ ከጸዳ በኋላ ከሥጋው ተቆርጦ ነው። መግል የቋጠረ እግር በካፕሱል አይጠበቅም፤ ያን ዕለት ይከፈታል።

ስለ መሸፈኛ ብዙ አልልም። ንጹሕ ጎዝ፣ እርጥበቱ የተመጠነ፣ በቃ። ማር ቀቡበት ለሚሉ፣ ያው የ2023 መመሪያ ማርን ለዚህ ቁስል ማዳኛነት እንዳንጠቀም ይመክራል። ፌጦም፣ ጨው ያለበት ሙቅ ውሃም እንዲሁ ይቅር። ሙቅ ውሃው በተለይ። ስሜት የሌለው እግር የውሃውን ግለት አያውቅም፣ ከሰል ምድጃ አጠገብ ተዘርግቶ ሲቃጠልም አያውቅም። ጠበል ቦታ በባዶ እግር መቆም፣ ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ በር ላይ ጫማ ሲወልቅ በቀትር በጋለ ድንጋይ ላይ መራመድም አደጋ አለው። ወፍራም ንጹሕ ካልሲ ማድረግ፣ ጥላ ያለበትን መምረጥ፣ ሲመለሱ እግርን ማየት ይቻላል።

ቁስሉ ይለካል ደግሞ። በየሳምንቱ በማስመሪያ፣ ወይም በስልክ ፎቶ። በአራት ሳምንት ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ካልቀነሰ አንድ ነገር ተዘሏል ማለት ነው፤ ደሙ፣ ጫናው፣ አጥንቱ እንደገና ይታይ። አጎቴ ላይ ይህ ቢደረግ ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ቁስል ሳይኖር አንድ እግር ብቻ ድንገት ቢያብጥ፣ ቢቀላና ከሌላኛው ቢሞቅ ሪህ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሻርኮ የሚባል የአጥንትና የመገጣጠሚያ መፈራረስ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ እግር የተረገጠ እያንዳንዱ ቀን ቅርጹን ያበላሸዋል። ያን ዕለት መርገጥ ይቁም፣ ሐኪም ይይ።

ቁስሉ ከዳነ በኋላም ነገሩ አይዘጋም። ከዳኑት 100 ሰዎች 40ዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። ስለዚህ ቆስሎ የዳነ ሰው እግሩ በየ1 እስከ 3 ወሩ በባለሙያ መታየት አለበት፤ ስሜቱም ደሙም ጤነኛ የሆነ ሰው በዓመት አንዴ ይበቃዋል። ጫማው ጣት ላይ ሰፊና ጥልቅ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ሶሉ ጠንካራ ይሁን። ነጠላ ጫማ ስሜት ለሌለው እግር አይሆንም። ከመደረጉ በፊት እጅ ገብቶ ይዳሰስ፣ ይራገፍ።

አሁን የአጎቴ ጫማ በር ላይ ተገልብጦ ያድራል። ጠዋት ልጁ እጇን ታስገባበታለች፣ ማታ በስልኳ መብራት ውስጥ እግሩን ታየዋለች። ባለፈው ወር በግራ እግሩ ትንሿ ጣት ጎን የምስር ፍሬ የምታህል ቅላት አገኘች። ያን ጫማ ከለከለችው፣ በማግስቱ በታክሲ ወሰደችው፣ ነርሱ ዳሰሰው፣ ቆዳው አልተከፈተም። ጫማውን ጎኑን አስፍተው ሰጡት። ቅላቱ በአራተኛው ቀን ጠፋ።